አምስቱ ትርፍ ቀዳዳዎች

መዝገብ ቤቱ ከመሬት በታች ነው። አንድ በር፣ አንድ አምፖል፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የመንገደኛ ጫማ ብቻ የሚታይባት አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። ካቻምና አንድ ማህደር ከጠፋ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ። ጥበቃው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከውጭ ይቆልፍና ስድስት ሰዓት ላይ ይከፍታል። እስከዚያ ድረስ ውስጥ ያለ ሰው ቢያስነጥስም፣ ቢታመምም፣ ቢያገባም እዚያው ነው።

ጠራዧ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ክሩ የተበጣጠሰ ማህደር ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። መርፌ ይሏታል። ስለምትሰፋ ነው የሚሉ አሉ፤ ስለምትወጋ ነው የሚሉት ግን ይበዛሉ።

ያን ሰሞን አብሯት የሚቆለፍባቸው ዶክተሩ ነበሩ። ዶክተር መባላቸው እንጂ ትኩሳት እንኳ መለካት አይችሉም፤ የታሪክ ናቸው። ታማሚያቸውም ከሞተ ሃምሳ ዓመት የሞላው አንድ ሚኒስትር ነው። ሚኒስትሩ በመንግሥት የእንግዳ ማረፊያ፣ አልጋው ላይ እንዳለ ተገደለ። ማን አስገደለው የሚለው እስከ ዛሬ ወንድማማች ያኳርፋል። ዶክተሩ ሦስት ዓመት ሲቆፍሩ ከርመው መጽሐፋቸው አልቋል፤ አርብ ቀትር ላይ ለማተሚያ ቤት ያስረክባሉ።

ምንጮቻቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ይደረድሯቸዋል። የጦር አዛዡ ማስታወሻ የሚኒስትሩን የገዛ ፓርቲ ይከስሳል። የፓርቲው ጋዜጣ ጦሩን ይከስሳል። የሚኒስትሩ አማች ደብዳቤ ደግሞ ለሁለቱም ያካፍላል። ዶክተሩ ምንጭ ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም ይላሉ። አዛዡ የጻፈው ከሥልጣኑ ከተባረረ በኋላ ስለሆነ ቂም አለበት፤ ጋዜጣው በማግስቱ የወጣ ስለሆነ ችኮላ አለበት፤ አማቹ የውርስ ክርክር ላይ ስለነበረ አንዱ ዓይኑ ቤቱ ላይ ነው። መርፌ ክሯን በከንፈሯ እያራሰች ስታዳምጥ ከረመችና አንድ ቀን፣ ሁሉም ውሸታም ከሆኑ ለምን በዕጣ አይለዩዋቸውም ብላ ጠየቀቻቸው። ዶክተሩ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

"አንድ ነገር ላይ ግን ሦስቱም አይጣሉም" አሉ መነጽራቸውን እያነሡ። "የኋላውን በር ከውስጥ የከፈተላቸው ልብስ አጣቢው ነው። የእምነት ቃሉ ከነፊርማው ይኸው። ከዚህ ሁሉ የማይነቃነቅ ምንጭ እሱ ብቻ ነው።"

መርፌ የዚያን ቀን ጣቷን ወጋች። ልብስ አጣቢው አያቷ ነው። የእናቷ አባት ስለሆነ ስሙ ከስሟ ኋላ አይከተልም፤ ሲቀጥሯትም ማንም አላወቀ። አባባ የምትለው ይህ አያቷ አሥራ ሁለት ዓመት ታስሯል። ሰፈር ውስጥ ቤታቸው እስከ ዛሬ የበር ከፋቹ ቤት ነው የሚባለው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪው የአባባን ስም ከገዳዮቹ ተርታ ሰሌዳ ላይ ቢጽፈው፣ ተነሥታ በእጅጌዋ አጠፋችው። አስተማሪውም እሷን ከክፍሉ አጠፋት፤ በዚያው ቀረች። ያኔ ግን ጠመኔ ነበር። አርብ የሚታተመው በእጅጌ አይጠፋም።

ሐሙስ ጠዋት የእምነት ቃሉ ያለበት ማህደር ክር ተበጥሶ ገጾቹ ስለተዘረገፉ ዶክተሩ እንድትሰፋላቸው ሰጧት። እሳቸው ወዲያ ጥግ ተቀምጠው የመጨረሻውን ምዕራፍ ያርማሉ።

መዝገብ ቤት ከጥንት ጀምሮ ሦስት ቀዳዳ ነው የሚበሳው፤ ክሩም ነጭ ነው። መርፌ ወስፌ ስትጨብጥ መጀመሪያ የተማረችው ይህን ነው። የእምነት ቃሉን ገጽ ወደ አምፖሉ ብታነሣው ግን ብርሃኑ በስምንት ቦታ አለፈ። ሦስቱ ቀዳዳዎች ከሌሎቹ ገጾች ጋር ይገጥማሉ። አምስቱ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ለብቻቸው ቆመዋል፤ በአንዱ ውስጥ የሰማያዊ ክር ጭራ ቀርታለች።

በሰማያዊ ክር አምስት ቦታ የሚሰፋ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው የምታውቀው። የእንግዳ ማረፊያው ሲዘጋ የሠራተኞቹ የግል ማህደሮች በጥራዝ በጥራዝ መጥተው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። በሆዷ ተስባ ገባችና የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ጥራዝ ጎትታ አወጣች። የአባባ ማህደር ውስጥ ገጽ ሦስት የቅጥር ውሉ ነው። ገጽ አምስት የፈቃድ ጥያቄ ነው። ገጽ አራት የለም።

ውሉ ግርጌ ላይ ገጽ አራት ምን እንደነበረ ተጽፏል። "ሠራተኛው በባዶ ወረቀት ግርጌ ፈርሟል፤ ዕቃ ቢጠፋ ይሞላበታል።" ያኔ የቤቱ ደንብ እንዲያ ኖሯል። ተቀጣሪ ሁሉ ገና ሥራ ሳይጀምር የወደፊት ሌብነቱን ይፈርማል፤ ከላይ የሚጻፈውን ሌላ ሰው ያውቅለታል።

የእምነት ቃሉን ወስዳ በገጽ ሦስትና በገጽ አምስት መካከል አስገባችው። አምስቱም ቀዳዳ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ገጠመ። ያን ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ሌላ ሆኖ ታያት። ከላይ ዘና ብሎ፣ መስመር እየዘለለ የተጀመረው ወሬ፣ ወደ ታች ሲወርድ ፊርማው ላይ እንዳይወጣ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጨናንቋል። በውሉ ቀን ከተሄደ አባባ የፈረመው ሚኒስትሩ ከመገደሉ ሦስት ዓመት በፊት ነው።

እልል ልትል አፏን ከፈተች። አፏ እንደተከፈተ ግን እጇ ጥራዙን ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሶት ነበር። የቁልፍ መረካከቢያ ነው። ማህደሮቹ የሚቀመጡበት የብረት ሣጥን አንድ ቁልፍ ብቻ እንዳለው፣ እሱም በጸሐፊዋ እጅ እንደሆነ ይናገራል። ከሥሩ የጸሐፊዋ ፊርማ አለ፤ መጨረሻው እንደ ድመት ጭራ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጭራ መርፌ ታውቀዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ወላጅ በሚለው ቦታ ሲፈርምላት የኖረ ነው። የእማማ ነው፤ የሴት አያቷ።

ሰዓቱን አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ። በሩ እስኪከፈት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ይቀረዋል። ወረቀቱን ማህደሩ ውስጥ ከተተችና መስኮቱ ላይ የሚያልፉ ጫማዎችን ስትቆጥር አረፈደች። ዶክተሩ ምነው ዛሬ ምላስሽን ድመት በላው ቢሏት፣ ጭራው ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል አለቻቸው።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃ ሁለት ያደርገዋል። አባባ በረንዳው ላይ ልብስ ያጣጥፍ ነበር። ጡረታ ከወጣ ቢቆይም እጁ ያልታጠፈ ነገር ሲያይ ሰላም የለውም፤ የገበያ ፌስታል ሳይቀር በአራት አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ ሸሚዝ ትተኩሳለች። መርፌ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረችው፣ ቀዳዳውን፣ ክሩን፣ ቁልፉን። እሱ አንሶላውን ማጠፍ አላቋረጠም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን ፊቴ ላይ የዘረጉት ዕለት ነው ያወቅሁት። ያ እኮ ስቀጠር የነበረኝ ፊርማ ነው፤ አስቀያሚ ነበር፣ ከዓመት በኋላ ቀይሬዋለሁ። ፊርማውን ሳየው ቁልፉን አየሁት።"

አባባና እማማ ያኔ ገና እጮኛሞች ነበሩ። እማማ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ሳታጓድል ስንቅ አመላልሳለታለች። እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቃት። ሲፈታ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ አሳደጉ፤ ያ ነገር በመካከላቸው እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት ዞረውት አለፉ። መርፌ ለምን ለዳኛ አልተናገርክም ብላ ተቆጣች።

"ብናገር ወረቀቱን ማን አወጣው ይባላል፤ እሷም ትገባለች" አለ አባባ። "ሁለታችንም ከገባን ስንቁን ማን ያመላልሳል?" ብሎ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን እንደ አንሶላው አጠፈው። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። በር ከፈተ ይበሉኝ፣ ለምጄዋለሁ። እሷ አልለመደችም። ተይው።"

"ነቅዟል እንጂ አባባ፤ ስምንት ቦታ ተበስቷል።"

ይህን ጊዜ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተታቸው። ከመጋረጃው ወዲያ የካውያው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። በሕይወቷ መሐረብ እንኳ አቃጥላ የማታውቀው እማማ የአባባን ነጭ ሸሚዝ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ አትማበት ነበር። ራት ተበላ፤ ሸሚዙ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ሦስቱንም ሲያያቸው አመሸ።

አርብ ጠዋት እማማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘቻት። እማማ ሸኝታት አታውቅም።

"ሦስት ሆነው መጡ" አለች ወደ ፊት እያየች። "አንዱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ያለበትን መሳቢያ በጫማው መታ መታ ያደርጋል። ከየት እንደመጡ አልነገሩኝም። የሱን ማህደር ለምን እንደፈለጉትም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ከፈትኩላቸው። በር ከፋች ካልሽ እኔ ነኝ።"

መርፌ ይህን ልጻፈው ወይ አለቻት።

"ከጻፍሽ ሙሉውን ጻፊ። እሱን አውጥተሽ እኔን ብትሸፍኚ፣ አንቺም ባዶ ቦታ ተውሽ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ይሞላዋል።"

እንግዲህ አንዱ ተይው አለ፤ አንዷ ሙሉውን አለች። ሁለቱም ያሳደጓት ናቸው። መርፌ ደረጃውን ወረደች። ጥበቃው ከኋላዋ ቁልፉን ሲያዞር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማችው።

እስከ አምስት ሰዓት ሌላ ማህደር ስትሰፋ ቆየች። ዶክተሩ ረቂቃቸውን ፖስታ ውስጥ ሲከቱ ግን አላስቻላትም፤ የእምነት ቃሉን ከነሰማያዊ ጥራዙ አምጥታ ፊታቸው ዘረጋችው፣ ቀዳዳውን በቀዳዳው ላይ ገጥማ አሳየቻቸው። ዶክተሩ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ፣ ገጹን ወደ አምፖሉ አነሡት፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሡ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ እኮ" አሉ።

"አንብበውታል፤ ሰፍተውት አያውቁም" አለች።

ሰዓታቸውን አዩ። የማተሚያ ቤቱ መኪና ስድስት ሰዓት ላይ በር ላይ ይቆማል። እንግዲያው የጠራዧ ምስክርነት ያስፈልገኛል አሉና ከቦርሳቸው አንድ ንጹሕ ወረቀት መዘው እስክሪብቶ ጨምረው አቀበሏት።

"ጊዜ የለንም። አንቺ እዚህ ግርጌው ላይ ፈርሚልኝ፤ ከላይ ያለውን እኔ ማታ በኮምፒውተር አሳምሬ እሞላዋለሁ።"

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቸኩለው ነው። መርፌ ወረቀቱን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው። የጦር አዛዡን ቂም፣ የጋዜጣውን ችኮላ፣ የአማቹን ስግብግብነት በሚዛን ሲለኩ የከረሙት እኒሁ ሰውዬ ናቸው።

"ዶክተር፣ አሁን ያሉትን ሰሙት?"

አልሰሙትም ነበር። ቀስ ብሎ ሲገባቸው እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ እንደ ጋለ ካውያ አነሡ።

መርፌ ራሷ መጻፍ ጀመረች። የስድስተኛ ክፍል እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቿ እንደ ተሰለፉ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ይጎነብሳሉ፣ አንዳንዶቹ ይጋፋሉ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥበቃው በሩን ከፍቶ ውጡ ቢል፣ አልጨረስኩም አለችው። ምሳዬን ነው የምሄደው፣ አሁን ከቆለፍኩ እስከ ስምንት ሰዓት አልከፍትም አለ። ዶክተሩ ፖስታውን አዩ። በላይ የመኪና ጥሩንባ ሁለቴ ጮኸ።

"ቆልፈው" አሉ ዶክተሩ፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

መርፌ ከወረቀቱ አናት ጀምራ መስመር ሳትዘል ወረደች። ሦስቱን ሰዎች ጻፈች፣ መሳቢያውን የመታውን ጫማ ጻፈች፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረ ጻፈች። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋ ብዙ ቆመ፤ ዶክተሩ አልጎተጎቷትም። የመጨረሻው መስመር "ልብስ አጣቢው አያቴ ነው፤ ጸሐፊዋም አያቴ ናት" ይላል። ፊርማዋን ከሱ ሥር አስጠግታ፣ ጉንዳን እንኳ እንዳያሳልፍ አድርጋ ለጠፈችው።

ዶክተሩ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም? የዘመድ ምስክርነት ሚዛን ላይ ይቀላል እኮ።"

"ቀዳዳዎቹ ዘመዶቼ አይደሉም" አለች።

ዶክተሩ የእምነት ቃሉን እንደገና ወደ አምፖሉ አነሡት። ከዚያ ፖስታውን ቀደዱና ረቂቁን አውጥተው፣ በር ከፋቹ የሚለውን እየፈለጉ በቀይ መሰረዝ ያዙ። በየምዕራፉ ነበረ። ሚኒስትሩን ማን እንዳስገደለው ከጠዋቱ ይልቅ አሁን አለማወቃቸው ጨምሯል፤ ሦስቱ ምንጮች የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር፣ እሱም ፈረሰ።

መርፌ ወስፌዋን አነሣች። የጻፈችውን ሦስት ቦታ በሳችውና በነጭ ክር ከእምነት ቃሉ ኋላ ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል፣ መስኮቱ ላይ ጫማዎች ቆመው አየች። የሚያልፉ አይደሉም፤ ቆመዋል። አንደኛው ጥንድ የእማማ ነው። አጠገቡ ያለውን ከጫማው በፊት በሱሪው ጫፍ አወቀችው፤ እንደዚያ ምላጭ የመሰለ እጥፋት ያለው ሱሪ በሰፈሩ አንድ ነው።

ጫማ ፊት የለውም፤ ይቆጣ ይታረቅ ከጫማ አይለይም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። መርፌ እጇን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ በሩ እስኪከፈት ዓይኗን ከአራቱ ጫማዎች ላይ ሳትነቅል ተቀመጠች።