ወይ ፍንክች ያለው ፖርቶመጋላ

«እኔ ያሰርኩት ፖርቶመጋላ፣ መኪናው ገደል ቢገባ እንኳ መኪናው ከሱ ላይ ይነቀላል እንጂ እሱ ከመኪናው ላይ አይነቀልም!» አለች ምስማር፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና።

ሹፌሩ ከእግር እስከ ራሷ አያት። አይቶ ለመጨረስ ብዙም ጊዜ አልፈጀበትም፤ ቁመቷ ከመኪናው መስኮት እምብዛም አያልፍም። ምስማር የተባለችውም ለዚሁ ነው፦ አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ የገባችበት ቦታ ደግሞ ሳትጎረብጥ አትቀመጥም።

«ያለፈውን ያሰረልኝ ሰውዬም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ፖርቶመጋላው ከነጭነቱ ከጣራዬ ላይ ተነቅሎ ቀድሞኝ ወረደ። ስኮርታ ጎማዬ እስካሁንም እየተንከባለለ ይሆናል።»

«ሰውዬው እኔ አይደለሁማ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። እሱ ቢያንስ ጢም ነበረው።»

የጋራዡ ባለቤት አጎቷ፣ ከመበየጃው ጀርባ ሆኖ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ነገሩ ግን ለምስማር ቀልድ አልነበረም። ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ውሎዋ እዚሁ ጋራዥ ነው፤ ቁልፍ ታቀብላለች፣ ዝገት ትፍቃለች፣ መኪና ሥር እየገባች የወደቀ ዳዶ ትለቅማለች። አክስቷ ልብስ ሰፊዋ ግን «የሴት ልጅ ጥፍር ዘይት ጠጥቶ የት ይደረሳል?» እያለች ወንድሟን ቁም ስቅሉን ስታሳየው ከረመች። ታላቁ ስለሆነች ዝም ብሎ ሊያልፋት አልቻለም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፦ ምስማር ይህንን ፖርቶመጋላ ብቻዋን ታስራለች። ሹፌሩ የመንገድ ቀያሾችን ከነዕቃቸው ጭኖ ያንን ቁልቁለት የበዛበት ድንጋያማ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ካልተነቃነቀ፣ ልጅቷ ጋራዡ ውስጥ ትቀራለች። ከተነቃነቀ፣ በማግስቱ ልብስ ስፌት ቤት ትገባለች።

«መኪና ከሆነ የምትወጂው፣ እኔ ጋም መኪና አለ» ብላታለች አክስቷ።

«ያንቺ መኪና እኮ መሪ የለውም፣ እትዬ።»

«አፍም የለውም። ለዚያ ነው የምወደው።»

እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው ግቢው ላይ፣ ሰማይ ሥር ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ግን ዝናብ መጣና መኪናውን ጋራዡ ውስጥ አስገቡት። አጎቷ ራሱ ከቱቦ የበየደውን ሰፊ ፍርግርግ አንስቶ ጣራው ላይ ጣውላ ደልድሎ አጋደመላትና እጁን ጠረገ።

«እኔ የሰው በር ልገጥም ሄድኩ። እዚህ ካለሁ እጄ አርፎ አይቀመጥልኝም። በይ እንግዲህ፣ አፍሽን ሳይሆን ቁልፉን አሠሪው።»

አሠራችው። መጀመሪያ በጣራው ዳርና ዳር የሚሄደውን የውሃ መውረጃ ቦይ በካቻቢቴ ፈልፍላ ጭቃውን አወጣች፤ የፖርቶመጋላው እግሮች የሚነክሱት እዚያ ነውና። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ በመቀስ ቆራርጣ በብረቱና በቀለሙ መሀል አነጠፈች። እግሮቹን ልትገጥም ስትል ቆም አለች። እያንዳንዱ እግር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በታችኛው ከተገጠመ ፍርግርጉ ጣራው ላይ ተኛ ይላል፣ በላይኛው ከተገጠመ ከፍ ይላል። አሰበች። «ውሃ የሞላ ጀሪካን ሲጫንበት ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ጣራውን ይነካል።» ከፍ ያለውን መረጠች። በራሷም በጣም ኮራች።

ከዚያ ማጥበቅ ጀመረች። አንዱን ቡሎን እስከ ጥግ አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ፍርግርጉን እንደሚያጣምመው አጎቷ ደጋግሞ ነግሯታል፤ ስለዚህ ከፊት ቀኙን ትንሽ፣ ከኋላ ግራውን ትንሽ፣ እንደገና ተመልሳ ትንሽ፣ ወንበሯን እየጎተተች መኪናውን ስትዞረው አመሸች። ሁሉም እኩል ሲጠብቅ በዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ ደረበች። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚመሰገን ነበር። እሷ ግን ያ ስኮርታ ጎማ ቁልቁለቱን ሲንከባለል በዓይኗ ላይ መጣባት። መዶሻ አነሳችና የየቡሎኑን ጫፍ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ እስኪጠፈጠፍ ቀጠቀጠችው። አሁን እንኳን መንገድ፣ ቁልፍም አይፈታውም።

ዘላ ተንጠለጠለችበት። ተወዛወዘች። መኪናው በሞላ ከሷ ጋር ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፤ ፖርቶመጋላው ግን ወይ ፍንክች!

ጠዋት አጎቷ ቀድሞ መጣ፤ ሹፌሩ ተከተለ። አክስቷም የመለኪያ ሜትሯን እንደ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደረሰች። «ልታዘብ ነው የመጣሁት» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጋራዡ ድንግዝግዝ ብሏል። አጎቷ ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀ፣ ጎተተ፣ በትከሻው ገፋ።

«እጅሽ ይባረክ» አለ።

ምስማር በአንዴ አንድ ክንድ ረዘመች። ሹፌሩ ገባና ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሹን ወደ ኋላ አድርጎ ወደ በሩ ሸሸት ማለት ጀመረ።

ቋ!

የፖርቶመጋላው የኋላ ጠርዝ በበሩ አናት ላይ ካለው ወፍራም ብረት ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጭቶ ቆመ። ከጣራው ላይ የዝናብ ውሃ ጠብ ሲል ይሰማል።

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እውነቷን ነው። ፖርቶመጋላው አልተነቃነቀም» አለ። «መኪናውም ጭምር።»

ምስማር ወደ በሩ አናት አንጋጠጠች። «የበሩን ብረት ቆረጥ ብናደርገውስ?»

«ከዚያ ጣራውን አንቺ ነሽ በራስሽ የምትሸከሚው?» አላት አጎቷ። «እግሮቹን ፈትተሽ ዝቅ አድርጊያቸው።»

አጎቷ ወንበሩ ላይ ወጣና ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ቡሎን አየ፤ ሁለተኛውን አየ፤ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ።

«ይሄን ማን ቀጠቀጠው?»

«እንዳይነቃነቅ ብዬ ነዋ!»

«አሁን በመቁረጫ እንጂ በሌላ አይወጣም። መብራት ደግሞ የለም።»

«ቀያሾቹ መገንጠያው ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው» አለ ሹፌሩ፣ ከመኪናው እየወረደ። «ሌላ መኪና ልፈልግ። ምን አደርጋለሁ?»

አክስቷ የምስማርን ክንድ ያዝ አደረገች። «መኪናው ካልሄደ ፈተናም የለም። ነይ፣ እንሂድ።»

ምስማር አጎቷን አየችው። አጎቷ መሬት መሬቱን አየ። ቁልፎቿ፣ ያ የዘይት ሽታ፣ መኪና ሥር የምትገባበት ያ ካርቶን፣ ሁሉም በአራት ጣት ከፍታ ሊቀርባት ነው። አራት ጣት መሆኑንስ በምን አወቀች? አላወቀችም፤ ገና መለካቷ ነው። ከአክስቷ አንገት ላይ ሜትሩን መዥርጣ ወንበሩ ላይ ወጣች።

«ምናለ ትናንት ብትለኪው?» አለች አክስቷ።

«ትናንት ሜትሩ አንቺ አንገት ላይ ነበራ!»

ለካች፤ ወረደች፤ የኋላው ጎማ ሥር ተንበረከከች። ፍስስስስ።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?» ሹፌሩ ጮኸ።

«እያሳጠርኩት።»

አጎቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ፈገግ ማለቱን ግን ጆሮው ይናገር ነበር። «ጎማው ከቸርኬው እስኪለቅ አታስተንፍሺው» አለ ብቻ።

አራቱንም ጎማ አስተነፈሰች። መኪናው ቀስ በቀስ ተንበረከከ። ሹፌሩ እንደገና ሸሸት አለ፤ ቋ! አሁን የቀረችው አንድ ጣት ብቻ ናት። ከዚህ በላይ ካስተነፈሱት ደግሞ ጎማው ያልቃል። ምስማር ዙሪያዋን ቃኘች። ዓይኗ አክስቷ ላይ አረፈ፤ አልነሳ አለ።

«እትዬ፣ እስቲ መኪናው ውስጥ ግቢ።»

«እኔ? ለምን?»

ምስማር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል መረጠች። «ክብደ… ክብር ነው፣ እትዬ። የክብር እንግዳ።»

«የጀመርሽውን ቃል ጨርሺዋ!»

«አንድ ሰው ብቻ አይበቃም ብዬ እኮ ነው!» ብላ ወደ መንገድ ሮጠች። ከፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ፣ ጎማ ጠጋኙን፣ አላፊ አግዳሚውን እየጎተተች አስገባች። ባለሱቁ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ሲል «እስከ በሩ ነው፤ ሩቅ አይደለም» አለችው። አክስቷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አፍንጫዋን ሰቅላ የኋላው ወንበር መሀል ላይ ተቀመጠች። ያኔ መኪናው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ እጥፍ ብሎ ወረደ።

አጎቷ ወንበር ላይ ቆሞ ያያል። «ና… ና… ቀስ… ማንም እንዳይንቀሳቀስ!»

«ትንፋሼን ይዣለሁ!» አለች አክስቷ ከውስጥ።

«ትንፋሽ ይዞ ወሬ የት አለ፣ እትዬ?» አለች ምስማር።

ብረቱ ከብረቱ ጋር ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰማ፤ ከበሩ ላይ ቀለም ተፋቀ፤ መኪናውም ደጅ ወጣ። ባለሱቁ አጨበጨበ። ወዲያው ግን ሁሉም የተነፈሱትን ጎማዎች አየ፤ መብራት ስለሌለ የአየር መሙያው አይሠራም። አጎቷ የእጅ ፓምፑን ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጣት።

አራተኛው ጎማ ላይ ስትደርስ ክንዷ የሷ አልነበረም። አክስቷ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጣ «እዚህ ሥራ ላይ ነው ለመቅረት የምትለማመጭው?» ብትላትም ምስማር አልመለሰችም። መልስ አጥታ እንዳይመስላችሁ፤ ያጣችው ትንፋሽ ነው።

ሹፌሩ ሄደ። ምስማር ሳምንቱን ሙሉ ዝገት እየፋቀች፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ ደጅ እያንጋጠጠች ከረመች። አክስቷም ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አዲስ ወንበር እንዳስቀመጠች ሰው ነገራት።

መኪናው ሲመለስ የማን መሆኑ እስከማይለይ በጭቃ ተለብጦ ነበር። ሹፌሩ በሩን ለማለፍ እንኳ አልሞከረም፤ መንገድ ላይ አቆመው። አክስቷም ከየት ሰማች ሳይባል ከተፍ አለች።

«እሺ?» አለ አጎቷ።

«የፊት መብራቱ ረግፏል» አለ ሹፌሩ። «የኋላው መከላከያ ተገንጥሎ በገመድ ነው ያመጣሁት። አንዱ ቀያሽ ጥርሱ ተነቃንቋል።» ቀና ብሎ ወደ ጣራው አየ። «ያልተነቃነቀው እሱ ብቻ ነው።»

አጎቷ ወጥቶ ነቀነቀው። ወይ ፍንክች! አክስቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች። «ቃል ቃል ነው» አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»

ምስማር ዘለለች። «አላልኩም? እንዲያው አላልኩም? መኪናው ከሱ ላይ ይነቀላል እንጂ…»

«አሁን ዝቅ አድርጊልኝ» አቋረጣት ሹፌሩ። «ትናንት ማታ የግቢዬ በርም አላስገባው አለ። ማታ ማታ ጎረቤት እየሰበሰብኩ ስጭን ልኖር ነው?»

ምስማር እንዳልሰማች ሆነች። ወደ አጎቷ ዞራ አገጯን ቀና አደረገች። «ጋሼ፣ እንግዲህ ቀረሁ አይደል? ጋራዡ ያለኔ እንደማይሆን አየህ አይደል?»

አጎቷ ከመሳቢያው ውስጥ የብረት መጋዝ አወጣና እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ትቀሪያለሽ እንጂ! ይሄን ሁሉ ቡሎን ሌላ ማን ተቀምጦ ሊገዘግዝልኝ ነው?»