ጤና አዳም በዘይት ቆርቆሮ

ቁስቋም ሰፈር ውስጥ እንደ እትየ ወለተሩፋኤል የሚጠራጠር ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ወተት የምታመጣላቸውን ሴት ውሃ አልጨመርኩም ብላ እንድትምል ያደርጋሉ። ጎረቤት «እንዴት አደሩ» ሲላቸው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው ይላሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ያወጡት እሳቸው ይመስላሉ። ባላቸው መሪጌታ ከሞቱ ወዲህማ ብሶባቸዋል።

አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው እንኳየሁ ብቻ ናት። ልጃቸው ህሩይ የጭነት ማኪና ሹፌር ስለሆነ አገር ላገር ይዞራል። እንኳየሁ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ። እትየ ዝምታዋን አልወደዱትም። ሆኖም ወገባቸውን ሲያማቸው የምታሻቸው፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ውዳሴ ማርያም የምታነብላቸው እሷው ናት። እሷ ከሌለች ቤቱ ኦና ነው። ይህንን እትየም አይክዱትም።

የኅዳር ቁስቋም ማኅበር የሚወጣው ዘንድሮ በእሳቸው ቤት ነበር። በረንዳው ላይ በዘይት ቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን የተተከሉት ጽጌረዳና ጤና አዳም ግን ገርጥተዋል።

«ማኅበርተኛው ምን ይለኛል? ሸክላ እንዳልገዛ ዋጋው አይቀመስ» ሲሉ እንኳየሁ ሰማች። 

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጧት እትየ ከኪዳን ሲመለሱ ከጤና አዳሙ ቆርቆሮ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ቢያነሡት ታቹ በምስማር ተበሳስቷል። ጤና አዳም ቡዳ የሚያርቅ፣ ቤት የሚጠብቅ ተክል ነው፤ እሱን በምስማር የሚወጋ ሰው ምን እንደሚፈልግ አይጠፋቸውም። ፈሩ። ሌላ ቀን አፈሩን በስንጥር ጫር ቢያደርጉት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና አመድ ወጣ። በደጃፍ የተቀበረ ቅርፊት ደግሞ፣ እሳቸው እንደሚያውቁት፣ መተት ነው።

ለማንም ሳይናገሩ ጠበል አምጥተው ረጩበት። ጤና አዳሙ ለመለመ። መተቱ ከሸፈ ብለው ደስ አላቸው፤ ጠበሉም ለተክል ያው ውሃ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም። ደስታቸው ግን አልቆየም። ቆርቆሮዎቹ ኖራ ተቀብተው፣ ዙሪያቸውን አሮጌ ገመድ ተጠምጥሞባቸው አገኟቸው። ይቺ ልጅ ልጄን በመተት ልታስርብኝ ነው አሉ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም።

በዋዜማው እንኳየሁን በረንዳ ላይ ጠሯት።

«ይኸን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ምነው እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጠብቀሽ?»

«ሸጋ ሆኖ እንዲያገኙት ብዬ ነው። ታቹ ካልተበሳ ውሃው ሥሩን ያበሰብሰዋል። ቅርፊቱና አመዱ ለደከመ አፈር ነው፤ እኛ አገር እንዲያ ነው የሚደረግ። ኖራው ከቤቱ ቅብ የተረፈ ነው፤ ገመዱም ዝገቱን ይሸፍናል። ምንም አላስወጣኝ።»

ለሁሉም መልስ ነበራት። እትየን ያናደዳቸውም እሱ ነው፤ አስቀድማ ያጠናችው መሰላቸው።

«መተት ካልሆነ ቅመሽው» አሉ።

እንኳየሁ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቆርቆሮው አፈር ቆነጠረችና አፏ ውስጥ ጨመረችው። ቅርፊቱ በጥርሷ ሥር ሲንኮሻኮሽ ለእትየ ተሰማቸው። ዋጠችው። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እትየን የዚያን ጊዜ ሐፍረት ያዛቸው፤ ይቅር በይኝ ማለት ግን አልሆነላቸውም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱ ተጠርጎ፣ የማኅበሩ ዳቦ ተጋግሮ፣ ጠላው ተጠልሎ ነበር። እንኳየሁ የለችም። ልብሷም የለም።

ማኅበርተኛው መጣ። የማኅበሩ አባት መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ቆም አሉ።

«ምን ያለ ሸጋ ነገር ነው! የማን እጅ ነው?»

«የምራቴ» አሉ እትየ።

«በሉ ጥሯትና እንመርቃት።»

«አገሯ ሄዳለች።»

«ምነው? በማኅበር ቀን?»

እትየ ጎንበስ ብለው የጤና አዳሙን ቅጠል ይነካኩ ጀመር። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ።

«እንግዲህ ያለችበት ይድረሳት። እጇን ይባርክላት። ከቤቷ አያውጣት» ብለው መረቁ።

ሁሉም አሜን አለ። እትየ ወለተሩፋኤል ብቻ አሜን ማለት አቃታቸው።