ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

"ቤታችሁን ጠይቀን አገኘነው፤ በራችሁ ላይ ቆመናል። አንቺ የት ነሽ?" አለች ቤዛ በስልክ።

የነፃነት ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። እሑድ ረፋድ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ የጽሕፈት ቤት ተቀምጣ፣ ለሰኞ ቀጠሮ የሚደርስ የአንድ ገበሬ የድንበር ክስ እየተየበች ነበር።

"የማንን ቤት?"

"የእናንተን ነዋ! መምህር ኒቆዲሞስ፣ እኔና ሁለት የክፍላችን ልጆች ሆነን ለቅሶ ልንደርስሽ መጥተናል። እናትሽ ማረፋቸውን እንዴት አትነግሪንም፣ አንቺ ክፉ? መምህር ናቸው ትናንት የነገሩን።"

"አይ፣ አትቸገሩ፤ ቤት ሰው የለም..."

"ኧረ አለ! አንዲት እናት መጥተው እየከፈቱልን ነው። በይ ቶሎ ነይ።" ስልኩ ተዘጋ።

አንዲት እናት! ነፃነት ያቺን እናት አሳምራ ታውቃታለች። ሞተች የተባለችው እሷው ራሷ ናት።

ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ገባች። "ኤረር በር ሰፈር፤ በናትህ ፍጠን!" አለችው ሾፌሩን። "በናትህ" የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ዛሬስ በማን እናት ትማልድ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፃነት ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስትተይብ የኖረች ልጅ ናት። መጀመሪያ ላይ ራፖር ጸሐፊው ጋሽ ለማ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። እያደር ጋሽ ለማ ወንበራቸው ላይ ማንቀላፋት ጀመሩ፤ እሷ ባለጉዳዩን ጠይቃ፣ አዳምጣ፣ "በመሆኑም" ብላ ትጨርሰዋለች። ጠበቆች ሳይቀሩ "ይቺ ልጅ ሕግ ብትማር የት በደረሰች!" ይሉ ነበር። እናቷ ለተማርያም ይህን የሰማች ዕለት ትንቢት አደረገችው። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ እሷ ጆሮ የገባ ነገር ገበያውን ሳያዳርስ አያድርም።

ክረምት ላይ አንድ ኮሌጅ የማታ የሕግ ትምህርት ከፈተ፤ መግቢያ ፈተናም አወጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ነፃነት ሠላሳ አራት አመጣች።

ከመቶ ሠላሳ አራት! አልታመመች፣ አልተኛች፣ ሦስት ወር አጥንታለች። እንግሊዝኛውን ደጋግማ ስታነብ ሰዓቱ አለቀ፤ በቃ፣ አልሆነላትም። ምነው ቢያማት ኖሮ! ሰበብ የሌለው ውድቀት የሚያሳፍረውን ያህል የሚያሳፍር ነገር የለም። ማታ እናቷ "እሺ ዳኛዬ፣ እንዴት ሆነ?" ስትላት "አለፍኩ" አለች። በማግሥቱ ከዝንጅብል ሻጩ እስከ ጆንያ ሰፊው ድረስ እንኳን ደስ ያለሽ ያላላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኮሌጁ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ከማለፊያው በታች ያመጡ በቂ ምክንያት ካላቸው ለኮሚቴው በጽሑፍ ያመልክቱ ይላል። ምክንያት ታጣለች እንዴ? የሰው ልብ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚርድ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? "በፈተናው ዋዜማ ወላጅ እናቴ ወይዘሮ ለተማርያም እንደሻው በድንገት በሞት የተለየችኝ በመሆኑ" ብላ ተየበች። ሙሉ ስም የገባው ከልማድ ነው፤ ስም የሌለው አቤቱታ ዋጋ የለውም። ያን መስመር ጽፋ ስታበቃ እውነት እንደሆነ ሁሉ አለቀሰች።

ማስረጃ የጠየቃት የለም። ለሐዘንተኛ "የእናትሽን የሞት ወረቀት አምጪ" ማለት ነውር መሰላቸው። እነሱ አፈሩ፣ እሷ ገባች።

ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። አንድ ነገር ግን ረስታለች፤ በዚህ አገር ሰው ሞተ ከተባለ ዓመት ቢዘገይም ለቅሶው ይደረሳል እንጂ አይቀርም።

ከባጃጁ ወርዳ ጠባቡን መንገድ በሩጫ ወጣችው። ግቢው ክፍት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። አንድ ሳጥን ለስላሳ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። እናቷ መሐላቸው ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጠዋት ከመድኃኔዓለም ስትመለስ እንዲያ አልለበሰችም ነበር። ለካ ሰምታለች፤ ገብቷታል፤ ነጠላዋን ገልብጣ ለራሷ ሐዘን ተቀምጣለች።

"መጣሽ?" አለች እናቷ፣ ቀና ብላ ሳታያት። "ነይ ተቀመጪ። እንግዶችሽ እያጽናኑኝ ነው።"

"አክስትሽ ብርቱ ሴት ናቸው" አሉ መምህር ኒቆዲሞስ ከወንበራቸው ተነሥተው። "የእናትሽ ታላቅ እህት መሆናቸውን አሁን ነገሩን። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፃነት። ዘገየን፤ ይቅርታ አድርጊልን።"

"ምንም አይደል" አለች። በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

"ማመልከቻሽን ካነበብኩ ወዲህ ከልቤ አልወጣም" አሉ መምህሩ። "እኔም እናቴን የቀበርኩት በፈተና ሰሞን ነበር። ወድቄ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ፤ ማንም ምን ሆንክ ያለኝ የለም። ለዚህ ነው ኮሚቴው ፊት የተሟገትኩልሽ። ማክሰኞ የመጨረሻው ዝርዝር ይፈረማል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካሽ የለም፤ አይዞሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እናቷ በእሷ ፋንታ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞራ፣ "ለመሆኑ መምህር፣ ውጤቷ እንዴት ነበር?"

"ሠላሳ አራት ነው፣ እማማ። ግን በዚያ ሐዘን መሐል እሱንም ማምጣቷ ይገርማል።"

"ሠላሳ አራት" አለች ለተማርያም ቀስ ብላ። "እኔማ ያለፈች መስሎኝ ለገበያው ሁሉ አውርቼ ነበር።"

ነፃነት ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሣችም። አንዱ ውሸት ሌላውን ጎትቶ ሲያወጣ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በእናቷ ጆሮ!

ቤዛ ወደ ለተማርያም ዞራ፣ "እናቷ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብላ ጠየቀች።

ለተማርያም ያን ጊዜ ገና ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

"እሷማ ጉረኛ ነበረች፤ ነፍሷን ይማረውና። አፏ አያርፍም። ይቺን ልጅ ገና ሳትማር 'ዳኛዬ' እያለች ትጠራት ነበር፤ በሰው ፊት፣ በገበያ ፊት። ልጅቷ ያንን ስም እንዴት እንደምትሸከመው አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። ልጇ እንደምትፈራት ብታውቅ ኖሮ ዝም ትል ነበር።"

"አልፈራትም ነበር" አለች ነፃነት። እንባዋ አመለጣት። "ወደቅኩ ብላት ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?"

"ትጮህብሽ ነበር! አንድ ቀን ሙሉ ትጮህብሽ ነበር። ከዚያ 'በይ ብዪ፣ ለከርሞ አጥኚ' ብላ ታበላሽ ነበር።"

መምህር ኒቆዲሞስ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቤዛ አፍንጫዋን ሳበች። አራት ጨዋ ሰዎች፣ ከሰንበታቸው ላይ ቀንሰው መጥተው፣ በሕይወት ላለች ሴት ፊት ለፊቷ ያለቅሱላታል። ነፃነት እነሱን ማየት አልቻለችም።

ያኔ ነው ከውጭ ድምፅ የተሰማው።

"ለተማርያም! አንቺ ለተማርያም!"

ሩቂያ ናት። ጊደር መጋላ ላይ ከለተማርያም ጋር ጎን ለጎን ሃያ ዓመት ተቀምጣለች። ዓርብ ሩቂያ ለጸሎት ስትሄድ ለተማርያም ትሸጥላታለች፤ እሑድ ደግሞ ሩቂያ ለለተማርያም ትሸጣለች። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ዛሬ ለተማርያም ዘንድ ቀርቷል፤ እዚያው በአንገቷ ክር ላይ፣ ከማተቧ ጋር ተንጠልጥሏል።

መምህሩ ቀና አሉ። ያንን ስም ማመልከቻው ላይ አንብበውታል።

"ለተማርያም! ወላሂ ዛሬስ ምን ነካሽ? ቁልፉን ስጪኝ እንጂ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!"

"የሟቿ ስም አይደል እንዴ?" አለች ቤዛ በሹክሹክታ።

ለተማርያም እጇን በነጠላዋ ሥር አስገብታ ቁልፉን ጨበጠችው። "ነው" አለች። "ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ መሞቷ አልዋጥላት ብሏት፣ አንዳንዴ እንዲህ መጥታ ትጣራለች። ተዉአት፤ ይወጣላታል።"

"ውይ፣ ምስኪን!" አሉ መምህር ኒቆዲሞስ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ ተመልሰውም አንገታቸውን ደፉ።

አመኑ። በቃ፣ አለፈ። ማክሰኞ ይፈረማል፤ የሚነካት የለም። ደህናዋን ሩቂያን እብድ አድርገው፣ የቤቱን ባለቤት በገዛ ቤቷ ገድለው፣ አለፈ።

"እሺ በቃ፣ እንግዲህ ከሌለሽ ሄድኩ!" አለች ሩቂያ ከውጭ። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ድንጋዩን እየመታ መራቅ ጀመረ።

ነፃነት እናቷን አየቻት። በዕድሜዋ ሙሉ ጠሪዋን አሳፍራ የማታውቅ ሴት፣ ከገበያው ጫፍ "ለተማርያም" ሲሏት ከወዲያ ጫፍ "አቤት!" የምትል ሴት፣ ስሟን እየሰማች ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። የነከሰችው ለሠላሳ አራት ነው።

"እማዬ" አለች ነፃነት።

ለተማርያም ደንግጣ ዓይኗን አፈጠጠችባት። "ዝም በይ" አለቻት ከጥርሷ መሐል።

መምህር ኒቆዲሞስ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ተመለከቱ። ነፃነት ከበርጩማዋ ተነሣች። ፊታቸውን ማየት ከብዷት ነበር፤ ግን አየቻቸው።

"እማዬ፣ ሩቂያ እየጠራችሽ ነው" አለች ጮክ ብላ። "ሳትርቅ፣ አቤት በያት።"

ለተማርያም ለአፍታ ልጇን አየቻት፤ ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አስተካክላ ለበሰችና ወደ በሩ ዞረች።

"አቤት!" አለች በገበያ ድምፅዋ። "አቤት ሩቂያ፣ አለሁ!"