የሙሽሪት ራጅ

ሱልጣን ከመኪናው ሥር አልወጣም አለ።

ጥጃ የሚያህል ውሻ ነው። ጌታው ዋኤል "የመዓላ ሌባ ሁሉ ስሙን ሲሰማ መንገድ ይቀይራል" እያለ ሲፎክርበት ኖሯል። ያ ውሻ የእንስሳት ሐኪሟን የዶክተር ላይላን መርፌ ገና ከሩቅ ሲያይ ከፒክአፑ ሥር ገብቶ ሆዱን መሬት ላይ ለጠፈ። ዋኤል ያገለደመውን ፉጣ ሰብስቦ፣ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ይለምነዋል።

"ውጣ እንጂ ወንድሜ! ሰው እያየን ነው፣ አታዋርደኝ!"

"ተወው፤ ሙሽራ ያፍራል" አለ ገብረ ወልድ።

ሽማግሌው የራሱን ውሻ ቡላን በገመድ ይዞ ከጎን ቆሟል። ቡላ ለምርመራ ደሟን ሰጥታ ጨርሳለች። ሚስቱ ላቀች ጠዋት አንገቷ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰረችላትና "ሙሽሪትን ይዘህ ሂድ፤ ተክሊል ግን እንዳታስደርስ፣ ቄሱ ያወግዙሃል" ብላ ሸኘቻቸው። ገብረ ወልድ አልሳቀም። ሲያስቀውም አይስቅም።

በየመኗ ዓደን፣ መዓላ ሰፈር ውስጥ፣ የእንጨት ስቶር ዘበኛ ነው። ቡላ አብራው ትጠብቃለች። ዶክተር ላይላ "አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ካልወለደች ከእንግዲህ ባትወልድ ይሻላታል" ካለችው ወዲህ ሐሳብ ገብቶታል። ሌላ ውሻ አይፈልግም። ከእሷ የወጣ፣ እንደ እሷ በከንቱ የማይጮኽ፣ እንደ እሷ ፊቱን አይቶ ሐሳቡን የሚያውቅ ቡችላ ነው የሚፈልገው። ዓደንን ዞሮ ለቡላ የሚመጥን ባል ያገኘው ሱልጣንን ብቻ ነበር።

እንደ ወጉ ሄዶ ጠየቀ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ከዋኤል የመለዋወጫ ሱቅ ገባና ቆመ።

"ቁጭ ይበሉ፣ ያ ዐም ገብሬ" አለ ዋኤል፣ እንደ ዓረቡ ወግ "አጎቴ" ሲለው።

"መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም። ልጅህን ለልጄ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ዋኤል ነገሩ ሲገባው ከመደርደሪያው ኋላ በሳቅ ተንከባለለ። ገብረ ወልድ ግን ቀጠለ። የሱልጣን አባት ማን ነው? እናቱስ? የእናቱ እናት ከየት መጣች?

"በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም።"

"ሰባት ቤት? እኔ የአጎቴን ልጅ ነው ያገባሁት! አምስት ወልደናል፤ እስከ ዛሬ አንዱም ጅራት አላወጣም!"

ሆኖም ቆጠሩ። እስከ ሦስተኛው ቤት ደርሰው ከዚያ በላይ የሚያውቅ ጠፋ። ዝምድና አልተገኘም። ክርክሩ የመጣው ምርመራው ላይ ነው።

"ሱልጣን ይመርመር? ወላሂ፣ የምትመረመር ሴቷ ናት!"

"ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱም ሳይመረመሩ አታጋባም። ለሰው ያልበዛ ለውሻ አይበዛም።"

ዋኤል በመጨረሻ እጅ ሰጠ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ተቀመጠ።

እነሆ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከራጅ ክሊኒኩ ፊት ያለው የሀሽሚ ገበያ ገና አልሞላም። ለውሻ የሚሆን የራጅ መሣሪያ ባለመኖሩ፣ ዶክተር ላይላ ሰው ራጅ የሚያነሣ ወንድሟን ራምዚን ስለለመነችው፣ ሕመምተኛ በማይመጣበት ሰዓት በጓሮ በር ሊያስገባቸው ተስማምቷል። ራምዚ በሩ ላይ ባልዲ ውኃና አንድ ጣሳ አፈር ደርድሮ ይጠብቃል።

"ምራቃቸው ጠረጴዛዬን ከነካ ሃይማኖታችን እንዳዘዘው ሰባት ጊዜ ማጠቤ ነው፣ አንዱን በአፈር" አለ።

"እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ አንተ ሰባት እጥበት ቁጠር" አለው ገብረ ወልድ።

ሱልጣንን ያስወጣችው ቡላ ናት። ገመዷን ስባ ሄዳ አፍንጫዋን ከመኪናው ሥር ሰደደች። ትልቁ ውሻ ጅራቱን እየቆላ ወጣ። ዶክተር ላይላ አልዘገየችም፤ ዋኤል ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ደሙ ተቀድቶ ነበር።

"ይኼ ለምን በሽታ ነው?" አለ ዋኤል፣ እሱ የተወጋ ይመስል ክንዱን እያሻሸ።

"ካልተፈላ ወተት ሰውን ከሚይዘው ከማልታ ትኩሳት ጋር የሚዛመድ በሽታ አለ። ውሻን ያስወርዳል፤ ከወንዱ ወደ ሴቷ፣ ከሴቷም ወደ ወንዱ ይሄዳል። ለሰውም ይተርፋል።"

"ለሰውም?" ዋኤል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ጥቂት ቆይታ ደሙን ያንጠባጠበችባቸውን ሁለት ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች ወደ ብርሃን አንሥታ አየች። "ሁለቱም ንጹሕ ናቸው።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ዋኤል። ገብረ ወልድ አማተበ።

የቀረው የዳሌ ራጅ ነው። ማደንዘዣ ወስደው ተራ በተራ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ የኋላ እግሮቻቸው ተዘረጉ። ሱልጣን ያንኮራፋል። ራምዚ የውሻውን አፍ በፎጣ ይዞ "እንዳታዝረበርብ፣ በአላህ ይሁንብህ!" እያለ ይማጸነዋል።

ምስሉ ሲወጣ ዶክተር ላይላ ጣቷን ከሱልጣን ዳሌ ላይ አሳረፈች። "የጭኑን አጥንት እዩት። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባው ልክ ገጥሟል። ግሩም ነው።"

ዋኤል እንደ ሴት እልልታውን አቀለጠው።

የቡላ ምስል ሲወጣ ዶክተሯ ጠጋ ብላ አየች።

"ስትቀመጥ እግሮቿን ወደ አንድ ጎን ትጥላለች?"

"አዎ" አለ ገብረ ወልድ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። "እንደ እመቤት ነው የምትቀመጠው።" ስቶር ለመጣ ሰው ሁሉ ሲያሳይ ኖሯል፤ "ወይዘሮዋን እዩልኝ" እያለ።

"እመቤትነት አይደለም አባቴ። ዳሌዋ ነው። ዘነዘናው ከሙቀጫው ወጣ ብሏል። ስለሚያውካት ነው እግሯን የምትጥለው።"

ሽማግሌው ምስሉን ለረጅም ጊዜ አየ። አጥንት ማንበብ አያውቅም፤ ልዩነቱ ግን ለእሱም ታየው።

"ያማታል?"

"ገና ብዙ አያማትም። እንዳትወፍር፣ ከከፍታም እንዳትዘል ተጠንቀቁላት፤ ብዙ ዓመት ትኖራለች።"

"ለልጅ ይተላለፋል?"

"ሁሉም ላይ አይወጣም። የሚወጣባቸው ግን ከእሷ ሊብሱ ይችላሉ።"

ዋኤል የሽማግሌውን ፊት አየና ሆዱ አልቻለም።

"ማን አየው? ራምዚ ምስሉን ያጥፋው። ሱልጣን እንደሆነ አይናገር! ይጋቡና ዘርዎን ያግኙ፣ ያ ዐም ገብሬ። እኔ ፈቅጃለሁ።"

ቡላ ነቅታለች። ምላሷ በአፏ ጎን ወጥቷል። ልትነሣ ሞከረች፤ የፊት እግሮቿ ሲቆሙ የኋላዎቹ ተንገዳገዱ። ማደንዘዣው ነው፤ ገብረ ወልድ ያውቃል። ነገር ግን ለአፍታ፣ የቡላ ዓይን ያላት፣ መነሣት ያቃታት ቡችላ ታየችው።

"እኔ አይቼዋለሁ" አለ። "ኻላስ፣ ጋብቻው ቀርቷል።"

"ወላሂ ይኼ ግፍ ነው! ልጄን አስወጋችሁት፣ ራቁቱን በጀርባው አስተኛችሁት፣ አሁን ደግሞ አንፈልግህም? ምን ጎደለው?"

"እሱስ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው እኛን ነው።"

ዶክተር ላይላ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ራምዚም ባልዲውን ይዞ ሳቀ። ዋኤል ሊቆጣ ሞክሮ አልሆነለትም።

ውጪ ፀሐዩ በርትቷል። ሱልጣን እንደ ሰካራም እየተወላገደ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ ተዘረረ። ዋኤል ሽማግሌውን ጠጋ አለው።

"ይስሙኝ። ተዋሂ ሰፈር ያለው አናስ ሱልጣንን ለውሻው ሲለምነኝ ዓመት ሆነው። እሺ ልለው ነው። ከሚወለዱት መርጠው አንዲት ይውሰዱ፤ ቡላ እንደ ልጇ ታሳድጋታለች።"

ገብረ ወልድ አገጩን አሻሸ። የቡላ ዘር አይደለችም። ከቡላ ጋር ስታድግ ግን የቡላን ጠባይ ልትወስድ ትችላለች።

"የአናስ ውሻ ተመርምራለች?"

"ኧረ እርስዎ ሰውዬ!"

"ተመርምራለች ወይ?"

"ላ ወላሂ፣ አልተመረመረችም!"

"እንግዲያው ትመርመር። ደሟም፣ ዳሌዋም። ንጹሕ ከሆነች አንዲት ሴት ቡችላ እወስዳለሁ። ካልሆነች ሱልጣን ላጤነቱን ይቻለው።"

ዋኤል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የአናስን ቁጥር መፈለግ ጀመረ።

ቡላ ፒክአፑ ኋላ ቆማ፣ እንደ ልማዷ ለመዝለል ወገቧን ዝቅ አደረገች።

"ቆይ" አላት ገብረ ወልድ። ጎንበስ ብሎ ሁለት ክንዱን ከሆዷ ሥር አስገባና እያቃሰተ አነሣት።