ከአንድ ተማሪ አንደኛ

ሉሊት ስምንተኛ ክፍልን የጀመረችው ከአርባ ስድስት ወንዶችና ከሦስት ሴቶች ጋር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ጥቅምት ላይ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ደሳለው፣ ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸውና፣ እዚያ ሴትና ወንድ ለየብቻ ሲማር አይቻለሁ፣ እዚህም ይሁን ብለው አስወሰኑ። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ሴቶች ከተማ ዘመድ ጋር ገቡ፤ ሦስተኛዋ ቤተሰቦቿ ደጎሎ ሲዛወሩ አብራ ሄደች። ሉሊት ብቻዋን ቀረች። አቶ ደሳለው ግን ቃለ ጉባኤ ተፈርሞበታል፣ አይሻርም አሉ።

ወንዶቹ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ሲጨናነቁ፣ እሷ ሃያ ዴስክ ባለበት ክፍል ብቻዋን ተቀመጠች። መምህር ይሄነው መመሪያ አክባሪ ነበሩ። የክፍል አለቃ ሲያስመርጡ እጇን አወጣች፤ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። የረባሽ ስም ሲጠይቁ፣ በመስኮት የገባች ዶሮ አስቃት ነበርና፣ የራሷን ስም ጽፋ ሰጠች። የቡድን ሥራው ግን አስቸገረ፤ ቡድን አምስት ሰው ነው። አምስት ቦታ እንድትፈርም ተስማሙ። ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ስትተኛ፣ ሴቶቹ በሙሉ ለምን ቀሩ ተብሎ ከበላይ ማብራሪያ ተጠየቀ።

ደግ ነገርም ነበረው። ከወንዶቹ ጋር ሳለች፣ ስትሳሳት ስለሚስቁባት ሒሳብ ላይ አፏን ከፍታ አታውቅም ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። "ለምን?" ማለት ለመደች፤ መምህሩን እስኪያልባቸው ትጠይቃለች። ግን ደግሞ የሚከራከራት ሰው ናፈቃት። ያገኘችውን መልስ ከማን ጋር ታስተያየው?

ጥር ላይ ካርድ ተሰጠ። አባቷ ክንፈ አንደኛ መውጣቷን አይቶ ደስ አለው። ዝቅ ብሎ "ከ1 ተማሪ" የሚለውን ሲያነብ ግን ጠረጠረና፣ መጨረሻ የወጣው ማን እንደሆነ ርዕሰ መምህሩን ጠየቀ። መዝገቡ ታየ። መጨረሻም ሉሊት ነበረች። ልጄ እንዴት መጨረሻ ትወጣለች ብሎ አቤቱታ አስገባ፤ ስብሰባ ተጠራ።

አቶ ደሳለው የሴት ተማሪዎችን ሐሳብ እንድታቀርብ አለቃቸውን አስነሡ። ሉሊት ተነሥታ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ከኋላ ሆኖ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አላት።

"ሴቶቹ ተወያይተናል" አለች። "ብቻችንን ሆነን መጠየቅ ተምረናል። አሁን ከወንዶቹ ጋር እንማር፤ ስንሳሳት ግን አይሳቅብን።"

አቶ ደሳለው ሐሳቡን የተቃወመች እንዳለች ጠየቁ።

"አንዷ ፈርታ ነበር" አለች ሉሊት። "በድምፅ ብልጫ ተሸነፈች።"

ይህም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ውሳኔው ተሻረ።

ሰኞ ዕለት ወንዶቹ መካከል ተቀመጠች። መምህር ይሄነው የሒሳብ ጥያቄ ሲጽፉ እጇን አወጣች፤ ተሳሳተችም። ማንም አልሳቀም። ለምን እንደተሳሳተች ጠየቀች፤ መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍተው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አጠገቧ የነበረው ምንይችል የሚባል ልጅ ጠጋ ብሎ፣ እሱም ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ይህ ነገር ገብቶት እንደማያውቅ በሹክሹክታ ነገራት፤ ቀጥላ ማካፈልን እንድትጠይቅለትም ለመናት።