የሌዘሩ አዲስ ፓምፕ

ጠረጴዛችን ላይ ያለው የሌዘር መቁረጫ የአየር ፓምፕ ከዛሬ ጀምሮ መቀየሩን ታላቅ ወንድሜ በይፋ አስታወቀ። ጭብጨባ የሚጠብቅ ይመስል ቆም አለ። የሰማነው እኔና እናታችን ነን፤ አባባ ጓዳ ተኝቷል።

የድሮው ፓምፕ ለዓሣ ገንዳ የተሠራ ነበር። ጭሱን መግፋት ስለሚያቅተው የምንቆርጠው ጣውላ ጠርዙ ከስሎ ይወጣ ነበር። ወንድሜ አባባ መድኃኒት የሚተነፍስበትን ማሽን አምጥቶ ቱቦውን ከሌዘሩ አፍ ጋር አገናኘው።

«ሐኪሙ ማሽኑ ከእንግዲህ ምንም አያደርግለትም ብሏል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ድኗል ማለቱ ነው» አለች እናታችን። ለአባባም የነገርነው ይህንኑ ነው።

«ድኗል እንጂ» አልኩ፤ እኔስ ከማን አንሼ።

ማሽኑ ተነስቶ መንጎራጎር ጀመረ። ጣውላው ጥላሸት ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ ተቆረጠ።

የጓዳው በር ተከፈተ። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሦስቴ እያረፈ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ቁራጩን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ጥሩ ቆርጧል» አለ።

ከዚያ ከፒጃማው ኪስ አንዲት ፌስታል አውጥቶ ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጠ።

«የማሽኑ ማጣሪያ በየወሩ ይቀየራል» አለ። «ለኔ ከተገዛው አምስት ተርፏል።»