ጾመኛዋ ቫይኪንግ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ሳልነግርሽ እንቅልፍም አይወስደኝ። ኦስቲያ ባሕሩ ዳር ስራ አግኝቻለሁ ብዬሽ አልነበር? ሬስቶራንቱ ለቱሪስት የቫይኪንግ፣ የነዚያ የጥንት የሰሜን ባሕር ተዋጊዎች፣ ግብዣ ያዘጋጃል። የኔ ስራ ጋሻና መጥረቢያ ይዤ ሰው ፊት የዶሮ እግር በጥርሴ መቦጨቅ ነው። አሎራ፣ እንግዲህ ፍልሰታ ገባ። ለእማዬ ደግሞ ዘንድሮ እጾማለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ለጣሊያኑ አለቃዬ ለማውሮ ነገርኩት።

"ቫይኪንግ አይጾምም" አለኝ።

"ክርስትና ከተነሱ በኋላ ይጾሙ ነበር፣ አንብቤያለሁ።"

"የኛዎቹ ገና አልተነሱም። ወይ ትበያለሽ፣ ወይ ጋሻውን ትመልሻለሽ።"

ማታ ዶሮው ፊቴ ተቀመጠ። እንግዳው ሁሉ ስልኩን ደግኖ እኔን ይጠብቃል። ስራውን እፈልገዋለሁ፣ የእማዬ ፊት ደግሞ ድቅን አለብኝ። ሲጨንቀኝ መጨረሻ ላይ ሊበላ የተቀመጠውን ትልቅ ሐብሐብ ጎትቼ በመጥረቢያዬ ለሁለት ፈለጥኩትና ፊቴን ነከርኩበት። ቀዩ ውሃ በአገጬ ሲወርድ ልጆቹ ደም መስሏቸው በደስታ አበዱ። ማውሮ ጭብጨባውን ሲሰማ "ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ነገም እንደዚሁ" አለኝ።

በማግስቱ አብረውኝ ከሚሰሩት ቫይኪንጎች ድሮም ሥጋ የማይወዱት ሁለቱ ተደፋፍረው ሐብሐብ ጠየቁ። ከዛ ሌሎቹም ቀጠሉ። አሁን ጠረጴዛችን ላይ ዶሮ የሚባል ነገር የለም።

ይሄን ለጓደኛችን ለፋና ስነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ቫይኪንጎች እኮ ገዳም ነበር የሚዘርፉት፤ አንቺ ገዳሙን ይዘሽባቸው ገባሽ።"